የባሊ የትራፊክ መጨናነቅና የመንገድ ዕቅድ

የባሊ የትራፊክ መጨናነቅ በኢንዶኔዥያዋ ባሊ ደሴት፣ በተለይም በደቡባዊ ክፍሏ፣ በየዕለቱ የሚታይ የመንገድ መጨናነቅ ችግር ነው። ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በዋና ከተማዋ በዴንፓሳር፣ በባሕር ዳርቻ መንደሮቹ በኩታ፣ በሰሚንያክና በቻንጉ፣ እንዲሁም በኮረብታማው ኡቡድ ነው። ባሊ በዓለም በብዛት ከሚጎበኙ ደሴቶች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 6.3 ሚሊዮን የሚጠጉ የውጭ አገር ሰዎችና ከ10 ሚሊዮን በላይ ኢንዶኔዥያውያን ጎብኝተዋታል። በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የነዋሪዎቿ ቁጥር 4.3 ሚሊዮን ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ለመጨናነቁ ምክንያት የሆኑት ብዙ ነገሮች ናቸው። ከእነዚህም መካከል የደሴቲቱ የመሬት አቀማመጥ፣ ቱሪዝምን በደቡብ ያሰባሰበው የ1970ዎቹ ዕቅድ፣ የሕዝብ ትራንስፖርት መዳከምና ሆቴሎች ከዕቅዱ ክልል ውጭ መስፋፋታቸው ይገኙበታል። ከ2013 ጀምሮ በርካታ ትላልቅ መንገዶች ቢሠሩም ችግሩ አልተወገደም። የተሠሩት መንገዶች በአብዛኛው በአየር ማረፊያውና በኑሳ ዱዋ መካከል የሚገኙ ሲሆኑ፣ ሆቴሎችና ቪላዎች ግን የተስፋፉት በሌላ አቅጣጫ ነው።

የመሬት አቀማመጥና የመንገድ መረብ

በባሊ መካከል ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋ የእሳተ ገሞራ ተራሮች ሰንሰለት አለ። ከተራሮቹ የሚነሡት ወንዞች ወደ ደቡብ እየወረዱ ጥልቅ ሸለቆዎችን ፈጥረዋል። መንደሮችና መንገዶች የተሠሩት በሸለቆዎቹ መካከል ባሉት ረጃጅም ሸንተረሮች ላይ በመሆኑ፣ አብዛኞቹ የቆዩ መንገዶች ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሄዳሉ። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ለመሻገር ድልድይ ያስፈልጋል፤ ድልድዮቹ ደግሞ ጥቂት ናቸው።

በዚህ ምክንያት የባሊ የመንገድ መረብ ከማበጠሪያ ጥርስ ጋር ይመሳሰላል። በአየር ላይ ሲታዩ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት መንደሮች በመኪና ሲሄዱባቸው ሩቅ ሊሆኑ ይችላሉ። ብዙ አማራጭ መንገዶች ባሉት ከተማ አንድ መንገድ ቢዘጋ ተሽከርካሪዎች በሌላው ይሄዳሉ። እንደ ማበጠሪያ በተዘረጋ መረብ ግን ሁሉም ወደ ጥቂት መገናኛዎች መመለስ ስላለበት፣ በአንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ የተፈጠረ መዘግየት ወደ ሰፊ አካባቢ ይዛመታል።

ሌላው የመሬት አቀማመጥ ችግር ያለው በደሴቲቱ ደቡባዊ ጫፍ ነው። ኑሳ ዱዋ፣ ጂምባራንና ኡሉዋቱ የሚገኙበት የቡኪት ባሕረ ገብ መሬት ከቀሪው ደሴት ጋር የሚገናኘው በጠባብ የመሬት አንገት ነው። የባሊ ብቸኛ የንግድ አየር ማረፊያ፣ የንጉራ ራይ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ፣ ያለው በዚሁ አንገት ላይ ነው። ማኮብኮቢያው እስከ ባሕሩ ውስጥ ይዘልቃል። ወደ አየር ማረፊያው የሚሄደውም ሆነ ወደ ባሕረ ገብ መሬቱ የሚሻገረው ተሽከርካሪ የሚያልፈው በአንድ አካባቢ ነው።

ታሪክ

የባሊ አየር ማረፊያ በ1969 ለዓለም አቀፍ በረራ ሲከፈት የጎብኚዎች ቁጥር መጨመር ጀመረ። በ1971 ሴቶ የተባለ የፈረንሳይ አማካሪ ድርጅት ለኢንዶኔዥያ መንግሥት የቱሪዝም ዋና ዕቅድ አዘጋጀ። የዕቅዱ ዓላማ ቱሪዝም የደሴቲቱን ባህል እንዳያበላሽ መጠበቅ ነበር። ስለዚህ ትላልቅ ሆቴሎች ለእርሻ እምብዛም በማይመቸው በኑሳ ዱዋ እንዲሰባሰቡና ጎብኚዎች በተመረጡ መንገዶች ለቀን ጉብኝት ወደ መንደሮችና ወደ ቤተ መቅደሶች ሄደው እንዲመለሱ ታሰበ።

ዕቅዱ በከፊል ተሳክቷል። ኑሳ ዱዋ ሰፋፊ መንገዶች ያሉት፣ ሥርዓት የያዘ የሆቴል መንደር ሆነ። ይሁን እንጂ በኩታ የአካባቢው ሰዎች በራሳቸው ግቢ ርካሽ የእንግዳ ማረፊያዎችን ከፍተው ነበርና ሆቴሎች እዚያም በፍጥነት ተስፋፉ። ከዚያም ግንባታው የባሕሩን ዳርቻ ተከትሎ ወደ ሰሜን ወደ ሌጊያን፣ ወደ ሰሚንያክና ወደ ቻንጉ ሄደ። በእነዚህ ቦታዎች መጀመሪያ የተሠራው መንገድ ለገበሬዎች እንጂ ለሆቴል እንግዶች የታሰበ አልነበረም።

ከመንገድ ዕቅድ ጋር የተያያዘ ሌላ ውሳኔ የሕንፃዎች ከፍታ ገደብ ነው። በ1966 በሳኑር አሥር ፎቅ ያለው ሆቴል ከተከፈተ በኋላ በባሊ የሕንፃ ከፍታ ከ15 ሜትር እንዳይበልጥ፣ ማለትም ከኮኮናት ዛፍ እንዳይረዝም፣ ተደነገገ። ደንቡ የደሴቲቱን ገጽታ ጠብቋል። በአንጻሩ ግንባታው ወደ ላይ ማደግ ስለማይችል ወደ ጎን ይሰፋል። በሰፊ ቦታ ተበታትነው የሚገኙ ቪላዎችን በአውቶቡስ ማገልገል ደግሞ አስቸጋሪ ነው።

የመጨናነቁ መንስኤዎች

ሞተር ሳይክልና የቤሞ መጥፋት። ቀደም ሲል የባሊ ሕዝብ የሚጓጓዘው ቤሞ በሚባሉ ትናንሽ ታክሲዎች ነበር። ቤሞዎች በአዲስ አበባ እንዳሉት ሚኒባስ ታክሲዎች በተወሰነ መስመር እየተመላለሱ ተሳፋሪ የሚጭኑና የሚያወርዱ ነበሩ። ሞተር ሳይክል በቀላል ብድር መገዛት ሲጀምር የቤሞ ተሳፋሪ ቀነሰ። ተሳፋሪ ሲቀንስ የቤሞዎች ቁጥር አነሰ፣ ተሳፋሪው የሚጠብቅበት ጊዜም ረዘመ። ይህም የቀሩትን ተሳፋሪዎች ሞተር እንዲገዙ ገፋፋቸው። ዛሬ በባሊ ከተመዘገቡት ተሽከርካሪዎች አብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ናቸው። ጎብኚዎችም ሞተር በቀን ኪራይ ይወስዳሉ።

መስቀለኛ መንገዶች። የመንገድ አቅም የሚወሰነው በስፋቱ ብቻ አይደለም። አንድ የመኪና መስመር ያለማቋረጥ የሚፈስ ከሆነ በሰዓት እስከ 2,000 ገደማ መኪኖችን ያሳልፋል። የትራፊክ መብራት ግማሹን ጊዜ የሚያቆመው ከሆነ ግን የሚያልፉት መኪኖች ወደ ግማሽ ይወርዳሉ። ስለዚህ በሁለት መብራቶች መካከል ያለውን መንገድ ማስፋት ብቻውን ወረፋው የሚቆምበትን ቦታ ከማስፋት ያለፈ ጥቅም የለውም። በደቡብ ባሊ ከፍተኛ መዘግየት የሚታየውም በመገናኛዎች ላይ ነው።

የመንደር መንገዶች። በቻንጉና በአጎራባቹ በበራዋ ብዙ መንገዶች ሁለት መኪኖችን በቅጡ አያሳልፉም። ሁለቱን የሚያገናኘውና በሩዝ ማሳ መካከል የሚያልፈው ጠባብ አቋራጭ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። መንገዱ ከማሳው ከፍ ብሎ የተሠራ በመሆኑ፣ ፊት ለፊት የተገናኙ መኪኖች ለመተላለፍ ሲሞክሩ ወደ ማሳው የወደቁበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሃይማኖታዊ ሥርዓቶች። አብዛኛው የባሊ ሕዝብ የሂንዱ እምነት ተከታይ ሲሆን መንገዶች ከትራንስፖርት በተጨማሪ የሃይማኖት ሥርዓት የሚፈጸምባቸው ቦታዎች ናቸው። የአስከሬን ማቃጠል ሥርዓትና ወደ ባሕር የሚደረግ የመንጻት ጉዞ በሚኖርበት ጊዜ፣ ፐቻላንግ የሚባሉት የባህላዊ መንደሮች ጠባቂዎች መንገዱን ይዘጋሉ። ባንጃር በሚባለው የመንደር ማኅበር ውስጥ በእነዚህ ሥርዓቶች መሳተፍ የአባላት ግዴታ ነው። በመሆኑም ለነዋሪው ሥርዓቱ የመንገዱ አንድ ተግባር እንጂ የትራፊክ እንቅፋት ተደርጎ አይታይም። መስቀለኛ መንገዶችም መሥዋዕት የሚቀርብባቸው የተከበሩ ቦታዎች ስለሆኑ፣ መንገድ ሲሰፋ ቤተ መቅደሶችንና የአማልክት ማደሪያዎችን እንደ ተራ ግንብ ማንሣት አይቻልም።

የሠራተኞች ጉዞ። በባሕር ዳርቻው አካባቢ የመሬትና የቤት ኪራይ ዋጋ ሲወደድ የሆቴልና የምግብ ቤት ሠራተኞች ራቅ ባሉ ቦታዎች ለመኖር ይገደዳሉ። ከዚያም በየቀኑ በሞተር ይመላለሳሉ። በመጨናነቁ ጊዜያቸውን የሚያጡት ከጎብኚው ይልቅ እነዚህ ሠራተኞች ናቸው። ጎብኚው ለጥቂት ቀናት ቆይቶ ሲሄድ ሠራተኛው ዓመቱን ሙሉ በዚያው መንገድ ይጓዛል።

የተሠሩ ዋና ዋና መንገዶች

በባሊ ትላልቅ የመንገድ ሥራዎች ብዙ ጊዜ ከዓለም አቀፍ ስብሰባዎች ጋር ተያይዘው ተሠርተዋል። በጥቅምት 2013 የእስያና የፓስፊክ የኢኮኖሚ ትብብር መሪዎች ጉባኤ በኑሳ ዱዋ እንዲካሄድ ሲወሰን ሁለት ሥራዎች በጥድፊያ ተጠናቀቁ። የመጀመሪያው በኩታ አቅራቢያ በሚገኘው በዴዋ ሩቺ መገናኛ ሥር የሚያልፍ መተላለፊያ ነው። ሁለተኛው የባሊ ማንዳራ የክፍያ መንገድ ነው።

የባሊ ማንዳራ መንገድ 12.7 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ሲሆን አየር ማረፊያውን፣ የበኖዋን ወደብና ኑሳ ዱዋን ያገናኛል። አብዛኛው ክፍሉ በበኖዋ ወሽመጥ ውስጥ በተተከሉ ምሰሶዎች ላይ ያረፈ ነው። በየብስ ላይ ቢሠራ ኖሮ ቤቶችንና ቤተ መቅደሶችን ማንሣት ግድ ይሆን ነበር። በባሕሩ ላይ በመሠራቱ ይህ ቢቀርም ሥራው በወሽመጡ የማንግሮቭ ደን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ስጋት ፈጥሮ ነበር። መንገዱ ለሞተር ሳይክሎች ለብቻ የተከለለ መስመር ያለው መሆኑ ከብዙዎቹ የክፍያ መንገዶች ይለየዋል። በሴፕቴምበር 2013 የመረቁት በወቅቱ የኢንዶኔዥያ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሱሲሎ ባምባንግ ዩዶዮኖ ናቸው።

በ2018 ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅትና የዓለም ባንክ ዓመታዊ ስብሰባቸውን በኑሳ ዱዋ ባደረጉበት ጊዜ ደግሞ በአየር ማረፊያው አጠገብ በሚገኘው የንጉራ ራይ ሐውልት መገናኛ ሥር ሌላ መተላለፊያ ተከፈተ። በደቡብና በሰሜን መካከልም ወደ ሲንጋራጃ የሚወስደውን ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ የሚያሳጥሩ አዳዲስ ክፍሎችና ረጃጅም ድልድዮች ተሠርተዋል።

እነዚህ ሥራዎች በየመገናኛዎቹ የነበረውን መዘግየት አቃልለዋል። ነገር ግን ወደ አየር ማረፊያው የሚገባው መንገድ አቅም ውስን መሆኑ አልቀረም። በዲሴምበር 2023 መጨረሻ የበዓል ሰሞን መንገዱ በመዘጋጋቱ፣ በረራ እንዳያመልጣቸው የሰጉ መንገደኞች ከመኪና ወርደው ሻንጣቸውን እየጎተቱ በክፍያው መንገድ ላይ በእግራቸው ወደ አየር ማረፊያው ሲሄዱ ታይተዋል።

አዲስ መንገድ ለምን ብቻውን አልበቃም?

በትራንስፖርት ጥናት ውስጥ አዲስ መንገድ አዲስ ጉዞ ይፈጥራል የሚል የታወቀ ሐሳብ አለ። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ አንቶኒ ዳውንስ በ1962 ባሳተመው ጽሑፍ በከተሞች ውስጥ አዲስ ፈጣን መንገድ ሲከፈት በሌላ ሰዓት፣ በሌላ መንገድ ወይም በሕዝብ ትራንስፖርት ይጓዙ የነበሩ ሰዎች ወደ እርሱ እንደሚሳቡና የሥራ ሰዓቱ መጨናነቅ እንደሚመለስ አስረድቷል። ጊል ዱራንቶንና ማቲው ተርነር በ2011 ያወጡት ጥናትም በአሜሪካ ከተሞች ዋና ዋና አውራ ጎዳናዎች በጨመሩ መጠን በተሽከርካሪ የሚደረገው ጉዞ በተመሳሳይ መጠን እንደሚጨምር አሳይቷል።

በቱሪስት መዳረሻ ይህ ሂደት አንድ ተጨማሪ ደረጃ አለው። መንገድ የደረሰበት መሬት ለሆቴልና ለቪላ ተፈላጊ ይሆናል፤ ሆቴሉ ሲሠራ ደግሞ እንግዳ፣ ሠራተኛ፣ የምግብና የውሃ ጭነት አብረው ይመጣሉ። ስለዚህ የመንገድ ዕቅድ ከመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ተነጥሎ ከተሠራ፣ መንገዱ ግንባታውን እየጋበዘ ግንባታው መንገዱን ይሞላዋል።

የኮሮና ወረርሽኝ ይህን ዝምድና በተቃራኒው አሳይቷል። በ2021 በቀጥታ ወደ ባሊ የገቡት የውጭ አገር ጎብኚዎች በይፋዊው መረጃ መሠረት 51 ብቻ ነበሩ። የቱሪስት መንደሮቹ መንገዶች ጭር ብለው ነበር። ጭርታው ግን በሺዎች ለሚቆጠሩ ሠራተኞች የገቢ መቋረጥ ማለት ነበር። በ2023 የጎብኚዎች ቁጥር ወደ 5.3 ሚሊዮን፣ በ2024 ደግሞ ወደ 6.3 ሚሊዮን ሲመለስ መጨናነቁም አብሮ ተመለሰ። የባሊ ጥያቄ እንግዲህ ጎብኚዎችን ማስቀረት ሳይሆን፣ ብዙ ጎብኚዎችንና ነዋሪዎችን በጥቂት ተሽከርካሪዎች እንዴት ማጓጓዝ እንደሚቻል ነው።

የሩዝ ማሳና መንገድ

የባሊ የሩዝ እርከኖች ውሃ የሚያገኙት ሱባክ በሚባለው የመስኖ ማኅበር ነው። ሱባክ ቦዮችን፣ ቤተ መቅደሶችንና ገበሬዎችን አንድ የሚያደርግ ጥንታዊ ሥርዓት ሲሆን፣ በ2012 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከነባህላዊ ገጽታው ሰፍሯል። ውሃው ከላይኛው ማሳ ወደ ታችኛው እየተላለፈ ይወርዳል። በመካከል መንገድ ወይም ቪላ ቦዩን ሲያቋርጥ የሚጎዳው መሬቱን የሸጠው ገበሬ ብቻ አይደለም። ከታች ያሉትም ውሃቸው ይቀንሳል፤ ከዚያም እነሱ ራሳቸው መሬታቸውን ለመሸጥ ይገፋፋሉ።

በዚህ ምክንያት በባሊ አዲስ መንገድ የት ይለፍ የሚለው ክርክር የትራፊክ ክርክር ብቻ አይደለም። ጎብኚዎች ባሊን ለማየት የሚመጡበት አንዱ ምክንያት የሩዝ እርከኖቹ ገጽታ ነውና፣ ወደ እርከኖቹ ለመድረስ የሚሠራው መንገድ እርከኖቹን የሚያጠፋ ከሆነ ቱሪዝሙ ራሱ መሠረቱን ያጣል።

የሕዝብ ትራንስፖርት

በባሊ የባቡር ሐዲድ የለም። በ2011 ሳርባጊታ የተባለ የአውቶቡስ አገልግሎት ተጀመረ። ስሙ ዴንፓሳር፣ ባዱንግ፣ ጊያኛርና ታባናን የሚባሉት አራት የአስተዳደር ክልሎች ስም ክፍሎች የተቀነባበሩበት ነው። በ2020 ደግሞ ትራንስ ሜትሮ ዴዋታ የተባለው አገልግሎት ሥራ ጀመረ። በዚህ አሠራር መንግሥት ለአውቶቡስ ድርጅቱ የሚከፍለው አውቶቡሶቹ በተጓዙት ኪሎ ሜትር ልክ ስለሆነ፣ ሹፌሮች መኪናው እስኪሞላ ቆመው መጠበቅ አያስፈልጋቸውም።

የአገልግሎቱ ድክመት በበጀት ላይ ጥገኛ መሆኑ ነው። በ2025 መጀመሪያ የገንዘብ ድጋፉ ሲቋረጥ አውቶቡሶቹ ቆመው፣ የአካባቢ አስተዳደሮች ወጪውን ለመጋራት ከተስማሙ በኋላ በዚያው ዓመት በአፕሪል ሥራ ቀጥለዋል። ከዚህም ሌላ አውቶቡሶቹ ለብቻቸው የተለየ መስመር ስለሌላቸው ከሌሎቹ ተሽከርካሪዎች ጋር በአንድ ወረፋ ይቆማሉ። በሞተር ሳይክል በመኪኖች መካከል ሾልኮ ማለፍ የለመደ ሰው ከመኪና ጋር አብሮ የሚቆም አውቶቡስ እንዲመርጥ ማድረግ ከባድ ነው።

በስልክ መተግበሪያ የሚጠሩ ታክሲዎችና ሞተሮች በሰፊው ያገለግላሉ። ሆኖም በብዙ የቱሪስት መንደሮች የአካባቢው ሹፌሮች ማኅበራት እነዚህ ታክሲዎች ከመንደራቸው እንግዳ እንዳይጭኑ ይከለክላሉ። ክልከላው የአካባቢውን ሰው ገቢ የሚጠብቅ ሲሆን፣ አንድ ታክሲ እንግዳ አድርሶ ባዶውን እንዲመለስ በማድረግ በመንገዱ ላይ ያለውን የተሽከርካሪ ቁጥር ይጨምራል።

በክርክር ላይ ያሉ ዕቅዶች

የጊሊማኑክ–መንግዊ የክፍያ መንገድ። ከጃቫ የሚመጡ ጀልባዎች ከሚያርፉበት ከጊሊማኑክ ወደብ እስከ መንግዊ ድረስ 96 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲረዝም ታቅዷል። ዓላማው የጭነት መኪኖችን ከጠባቡ የምዕራብ መንገድ ማንሣት ነው። በ2022 የሥራ ማስጀመሪያ ሥነ ሥርዓት ቢደረግም ግንባታው ቆሞ የባለሀብት ፍለጋው እንደገና ተጀምሯል። መሬታቸው ለመንገዱ የተከለለባቸው ቤተሰቦች እስከዚያ ድረስ ካሳ ሳያገኙ መሬቱንም እንደልባቸው መጠቀም ሳይችሉ ይጠባበቃሉ።

የምድር ውስጥ ባቡር። በሴፕቴምበር 2024 ከአየር ማረፊያው ተነሥቶ በኩታና በሰሚንያክ በኩል ወደ ቻንጉ አቅጣጫ ለሚሄድ ባቡር የሥራ ማስጀመሪያ ሥነ ሥርዓት ተካሂዷል። ባቡሩ በምድር ውስጥ እንዲሄድ የተመረጠው የሕንፃ ከፍታ ገደቡና የመሬት ዋጋ በምሰሶ ላይ የሚሄድ ሐዲድ ለመሥራት ስለማያመቹ ነው። ችግሩ ከፍተኛ ወጪው ነው።

የሰሜን ባሊ አየር ማረፊያ። በቡለለንግ አውራጃ ሁለተኛ አየር ማረፊያ ለመሥራት ለብዙ ዓመታት ውይይት ተደርጓል። ደጋፊዎቹ ጎብኚውንና ገቢውን ከደቡብ ወደ ሰሜን ያካፍላል ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ የደቡቡን ችግር ወደ ሰሜን ያዛውራል ብለው ይሰጋሉ።

የግንባታ ገደብ። በ2024 የኢንዶኔዥያ መንግሥት በዴንፓሳር፣ በባዱንግ፣ በጊያኛርና በታባናን አዳዲስ ሆቴሎችንና ቪላዎችን መሥራት ለጊዜው የማገድ ሐሳብ ይፋ አድርጓል። ይህ ሐሳብ ከሌሎቹ የሚለየው የመንገዱን አቅም ከማሳደግ ይልቅ ወደ መንገዱ የሚመጣውን ጉዞ ከምንጩ ለመገደብ የሚሞክር በመሆኑ ነው። በዚሁ ዓመት ከፌብሩዋሪ 14 ጀምሮ እያንዳንዱ የውጭ አገር ጎብኚ 150,000 የኢንዶኔዥያ ሩፒያ እንዲከፍል ተደርጓል። ገንዘቡ የታሰበው ግን በዋናነት ለባህልና ለአካባቢ ጥበቃ ነው።

ኜፒ

በባሊ መንገዶች በዓመት አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ባዶ ይሆናሉ። በኜፒ፣ ማለትም በባሊ አዲስ ዓመት የዝምታ ቀን፣ ነዋሪዎችም ጎብኚዎችም ለ24 ሰዓት ከቤታቸው ወይም ከሆቴላቸው ግቢ አይወጡም። አየር ማረፊያውና የባሊ ማንዳራ መንገድ ይዘጋሉ፤ ሥርዓቱን በየመንደሩ የሚያስከብሩት ፐቻላንጎች ናቸው፤ አምቡላንስን ለመሰለ አስቸኳይ ጉዳይ ብቻ ፈቃድ ይሰጣል። በዋዜማው ምሽት ደግሞ ወጣቶች ኦጎ ኦጎ የሚባሉትን ግዙፍ ምስሎች ተሸክመው በየመስቀለኛ መንገዱ ስለሚዞሩ፣ በዚያ ሰዓት መንገዱ የእግረኛው ብቻ ነው።